አራት መቶ አሥራ ሁለት ወንበር

ጭምቷ የተማሪዎች ማኅበር ጸሐፊ የሆነችው በእጅ ጽሑፏ ምክንያት ነው። የስታትስቲክስ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። ካልጠየቋት አትናገርም፤ ሲጠይቋትም አጠር አድርጋ መልሳ ወደ ደብተሯ ታጎነብሳለች። ስሙን ያወጡላት የመኝታ ክፍል ጓደኞቿ ናቸው፤ በአንድ ወር ውስጥ መምህራኑም ሳይቀሩ በዚሁ ይጠሯት ጀመር። ደብተሯ ግን እንደ እሷ ጭምት አልነበረም። ፈተና በደረሰ ቁጥር ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ፣ ፎቶ ኮፒ እየተነሳ፣ እሷ ረግጣው የማታውቀው ፎቅ ሁሉ ይደርሳል።

የቀድሞው ጸሐፊ ትምህርቱን አቋርጦ ሥራ ሲቀጠር፣ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ከዚያ ደብተር አንድ ኮፒ ይዞ ቤተ መጻሕፍት ድረስ መጣ። ፕሬዚዳንቱ የሕግ ተማሪ ነው። ማይክ አንዴ ከጨበጠ መልቀቅ ስለሚቸግረው ተማሪው «ማይኩ» ይለዋል። እሱም ያውቃል፤ ብዙም አይከፋውም።

«ይሄ ያንቺ ጽሑፍ ነው?» አላት።

«አዎ።»

«በቃ፣ ጸሐፊያችን አንቺ ነሽ። ሌላ ተወዳዳሪ የለም።»

«እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም።»

«መናገሩን ለኔ ተይው። አንቺ የተባለውን መጻፍ ብቻ ነው።»

ጭምቷ እምቢ ማለት ራሱ ብዙ ንግግር የሚጠይቅ ስለመሰላት እሺ አለች።

የማኅበሩ ቢሮ አሮጌው ሕንፃ ምድር ቤት፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ጎን ነበር። ሁለት ጠረጴዛ አለው፤ የአንዱ እግር አጥሮ በታጠፈ ካርቶን ተደግፏል። ጥግ ላይ የቆመው የብረት ቁም ሳጥን በትከሻ ካልተገፋ አይከፈትም። እዚያ ክፍል ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት የሠሩ የመዝገብ ሠራተኛ አሉ፤ ሁሉም «እትዬ» ነው የሚላቸው። መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ፤ ሲያስፈልጋቸው ግን ጠረጴዛው ላይ ይፈልጉታል። ፕሬዚዳንት ሲመጣ ፕሬዚዳንት ሲሄድ አይተዋል፤ ሁሉንም ከነ አመላቸው ያስታውሳሉ። «ይሄኛው ደህና ልጅ ነው» ይላሉ ስለ ማይኩ። «ዝም ማለት ቢያውቅበት ደግሞ ጎበዝ ይወጣው ነበር።»

ሴሚስተሩ በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ማይኩ ቢሮ ገብቶ የጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ዘንድሮ ማኅበሩ አርባ ዓመት ይሞላዋል። መጽሔት እናወጣለን። ታሪኩን ስድስት ገጽ አድርገሽ ጻፊ፤ ብዙ አታካብጂው።»

እትዬ ቁም ሳጥኑን በትከሻቸው ገፍተው ከፈቱና መዝገቦቹን በየዓመቱ ደርድረው ሰጧት። ጭምቷ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሰዓት በኋላ፣ ክፍል ሲያልቅ እየመጣች አነበበች።

የመጀመሪያው መዝገብ መዝገብም አይባልም፤ በፈተና ወረቀት ጀርባ የተጻፉ አሥራ አንድ ገጾች በወፍራም ክር የተሰፉ ናቸው። ያኔ ዩኒቨርሲቲው ሁለት መቶ ተማሪና አንድ የውሃ ቧንቧ ነበረው። ተማሪዎቹ ጠዋት ጠዋት ባልዲ ይዘው ይሰለፋሉ። አንድ ቀን ውሃው ጭራሽ ሳይመጣ ቀረ፤ እዚያው ሰልፉ ላይ እንደቆሙ ወደ አስተዳደሩ የሚሄዱ አምስት ሰዎች መረጡ። ጸሐፊው «ጉባኤው የተካሄደው በቧንቧው ሰልፍ ላይ ነው። የተገኘው፣ ሁሉም» ብሎ ጽፏል። በሰባተኛው ዓመት የሴቶች መኝታ ቤት እንዲሠራ ማኅበሩ አስወሰነ። በአሥራ ሁለተኛው ማኅበሩ ታግዶ ቢሮው ሁለት ዓመት ታሸገ። ያኔ ገና የተቀጠሩት እትዬ መዝገቦቹን በሻንጣ ቤታቸው ወስደው አልጋቸው ስር ሸሸጉ። በሃያኛው ዓመት ደግሞ ያለአግባብ ወደቅሁ የሚል ተማሪ ወረቀቱ በሌላ መምህር እንደገና እንዲታረምለት የሚፈቅድ ደንብ ወጣ። ይህን ስታነብ ጭምቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አምና እሷ ራሷ በዚያ ደንብ አንድ ውጤት አስተካክላለች። ደንቡ ከየት እንደመጣ አስባው አታውቅም ነበር፤ እንደ ግድግዳውና እንደ ደረጃው አብሮ የተሠራ ይመስላት ነበር።

ከሃያ ዘጠነኛው ዓመት ወዲህ ግን መዝገቦቹ እየቀጠኑ መጡ። በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት ጉባኤ ተካሄደ የሚባለው ከተማሪው ሢሶው በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት ሲገኝ ነው። ተማሪው ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ስለሆነ ዘጠኝ መቶ ሰው ያስፈልጋል። መዝገቦቹ በየዓመቱ «ምልዓተ ጉባኤው ስለተሟላ በአዳራሹ ውስጥ ጉባኤው ተከፈተ» ይላሉ። የተገኙ፣ ዘጠኝ መቶ አሥራ ሁለት። በቀጣዩ ዓመት ዘጠኝ መቶ ሰባት። ከዚያ ዘጠኝ መቶ ሦስት፣ ዘጠኝ መቶ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ መቶ አምስት። አሥራ አንድ ዓመት እንዲሁ። ቁጥር ለሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለው ነገር ዓይን ይወጋል። እውነተኛ ቁጥር ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ይሄኛው እንደተለጎመ ፈረስ አንድ ቦታ ቆሟል።

በማግስቱ ወደ አዳራሹ ሄደች። የሚያጸዱት ሴትዮ ወለሉን እየወለወሉ ስለነበር ጫማዋን አውልቃ በየረድፉ እያለፈች ወንበሮቹን ቆጠረች። ተሳስቼ ይሆናል ብላ ከኋላ ጀምራ ደገመችው። አራት መቶ አሥራ ሁለት። መተላለፊያው ላይ ሰው ቢጠቀጠቅ እንኳ አምስት መቶ አይሞላም።

ቢሮ ስትመለስ እትዬ ወረቀት እየበሱ ፋይል ውስጥ ይከቱ ነበር።

«እትዬ፣ አዳራሹ ታድሶ ያውቃል?»

«ቀለም ተቀብቷል።»

«ወንበር ተቀንሶስ?»

እትዬ መብሻውን አስቀመጡ።

«እስከ ዛሬ የቆጠረ ሰው አልነበረም» አሉ።

ከዚያ ነገሯት። በዚያ በሃያ ዘጠነኛው ዓመት የተማሪው ቁጥር በአንዴ እጥፍ ሆነ፤ አዳራሹ ግን ያው ነው። ጉባኤ ሦስት ጊዜ ተጠራ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሰው ደጅ ቆሞ ቆሞ ተመለሰ። ደንቡን ለማሻሻል ጉባኤ ያስፈልጋል፤ ጉባኤው ደግሞ አይሞላም። የዚያን ዓመት ጸሐፊ እዚችው ወንበር ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፤ በመጨረሻ ዘጠኝ መቶ አሥራ ሁለት ብሎ ጻፈ።

«ለዘንድሮ ብቻ ነው ብሎኝ ነበር። ጨዋ ልጅ ነበር። እኔም ተየብኩለት።» እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉ። «የተከተሉት ሁሉ ያለፈውን ዓመት አይተው ነው የጻፉት። እኔም አሥራ አንዴ ተየብኩ፣ የኔ ልጅ። ደብዳቤ ሲሳሳት የምመልስ ሴት።»

ጭምቷ ነገሩን ይዛ ወደ ሥራ አስፈጻሚው ስብሰባ ገባች። ዘጠኝ አባላት ናቸው። መናገር ስለከበዳት ቁጥሮቹን ሰሌዳው ላይ ጻፈች፤ ከሥራቸው የወንበሩን ብዛት ጨመረች፤ ተቀመጠች።

«እና ምን ይደረግ ነው የምትይው?» አለ ማይኩ።

«ለተማሪው እንንገር።»

«ብንነግር እኮ ማኅበሩ አሥራ አንድ ዓመት ሕጋዊ አልነበረም ማለት ነው። አስተዳደሩ በማግስቱ ቢሮውን ይረከበናል።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ ያገኘሁትን ነው የቀጠልኩት። ከኔ በፊት የነበረውም እንደዚያው።» ድምፁ ከፍ አለ። «አምና ያስጠገንነው ክሊኒክስ ውሸት ነው? የሴቶቹ መኝታ ቤት መብራትስ?»

«እሱ እውነት ነው» አለች ጭምቷ። «ቁጥሩ ነው ውሸቱ።»

ድምፅ ተሰጠ። ሰባቱ ነገሩ እዚሁ ይቅር አሉ፤ አንዷ ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። ማይኩ የዘንድሮውን የጉባኤ ሰነድ ከወዲሁ አዘጋጅቶት ነበር፤ ወደ እሷ ገፋው። የተገኙ፣ ዘጠኝ መቶ ስምንት።

«የተባለውን ብቻ ጻፊ ብለኸኝ ነበር» አለች። «ይሄ አልተባለም። አልፈርምም።»

ቅዳሜ አባቷ ዘንድ ሄደች። አባቷ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሱቁ ከመንገዱ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብሎ የሚገባበት ጠባብ ክፍል ነው። ሜትሩን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ መርፌዎቹን ደረቱ ላይ ሰክቶ፣ የአንድ ሙሽራ ኮት እጅጌ እየተኮሰ አገኘችው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ነገር የምታማክረው እሱን ነው፤ እሱ ደግሞ ምክሩ ሁልጊዜ አንድ ነው።

«አርፈሽ ተማሪ» አላት ጉዳዩን ሰምቶ ሲጨርስ። «አንቺን ምን አገባሽ? አንድ ዓመት ነው የቀረሽ። ተመረቂና ውጪ።»

«ታሪኩን የምጽፈው እኔ ነኝ፣ አባዬ። ከሥሩ የሚወጣው የኔ ስም ነው።»

ካውያውን አቆመው። እጅጌውን ገልብጦ ገበሩን አየ፤ መልሶ ገለበጠው።

«ብትተዪውስ? ሌላ ሰው ይጻፈው።»

«ሌላው ሰው ይፈርማል።»

አባቷ ካውያውን መልሶ አነሳ። ሲቆይ «እንግዲህ እኔ ጽሑፍ አላውቅም» አለ። «ምሳ በልተሻል?» ስለ ጉዳዩ ሌላ ቃል አልወጣውም፤ ሲሸኛት ግን እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው አብሯት ሄደ፤ እንዲያ የማድረግ ልማድ አልነበረውም።

ሰኞ ጠዋት ከምግብ አዳራሹ ውጭ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንድ ገጽ ለጠፈች። በዚያ ሰው ሁሉ በሚያውቀው እጅ ጽሑፏ የዓመቶቹን ቁጥር፣ የወንበሩን ብዛት፣ ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ ጽፋለች። የማንንም ስም አልጠራችም። መጨረሻው ላይ «ማኅበሩ የእኛ ከሆነ ልንገኝበት ይገባል። ካልተገኘንበት የሚጎድለውን ሰው ጸሐፊ በእስክሪብቶ ሊሞላው አይችልም» ይላል። ከሥሩ የራሷን ስም አኖረች።

ጉድ ፈላ። ሰሌዳው ፊት ሰው ተጋፋ። አንዱ «አበጀች» ሲል ሌላው «የአስተዳደር ጆሮ ናት» አለ። ሲመሽ ወረቀቱን አንድ ሰው ቀዶት ተገኘ፤ በማግስቱ ደግሞ ሌላ ሰው የተቀደደውን በማጣበቂያ ገጥሞ መልሶ ለጠፈው። መኝታ ክፍሏ ስትገባ ጨዋታው ይቋረጥ ጀመር።

ረቡዕ የተማሪዎች ዲን እሷንና ማይኩን አስጠሯቸው። ዲኑ ረጋ ያሉ፣ ደንብ የሚወዱ ሰው ናቸው፤ መተዳደሪያ ደንቡን ፊታቸው ዘርግተው በእርሳስ አስምረውበታል።

«በደንቡ ከሄድን ማኅበር የላችሁም» አሉ። «ቢሯችሁን ማተሚያ ክፍሉ ሲጠይቀኝ ቆይቷል። ይህን ወረቀት ከለጠፍሽ በኋላ እንዳላየሁ ላልፈው አልችልም፤ ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

«ሴሚስተሩ ሊያልቅ አምስት ሳምንት አለ። እስከዚያ ትክክለኛ ጉባኤ ካካሄዳችሁ ማኅበሩ እንደገና ይቆማል። እኔው ራሴ ቆሜ እቆጥራለሁ። ካልሆነ ቁልፉን ታስረክባላችሁ።»

ደረጃውን ሲወርዱ ማይኩ አንድ ደረጃ ላይ ቆመ።

«ደስ አለሽ?»

«አላለኝም።»

«ዘጠኝ መቶ ሰው የት ልታቆሚው ነው? አዳራሹን ቆጥረሽዋል።»

«ሰልፍ ላይ» አለች ጭምቷ። እሱ እያላገጠች መስሎት ትቷት ሄደ። እሷ ግን ከሰኞ ጀምሮ በልቧ ስታብሰለስለው የቆየችው ያንን የቧንቧ ሰልፍ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሰው ወደ ስብሰባ አልጠሩም፤ ሰው ያለበት ቦታ ላይ ተሰበሰቡ። ዛሬ ደግሞ ብዙ ተማሪ በየቀኑ በአንድ ሰዓት የሚሰለፍበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ምሳ።

የምግብ አዳራሹን ኃላፊ ፊት ለፊት «ጋሼ» ይሏቸዋል፤ ዞር ሲሉ «ጭልፋ»። ድምፃቸው ከድስቶቹ በላይ ይሰማል። ጭምቷ ሦስት ጊዜ ሄዳ ተመልሳለች፤ በአራተኛው ኩሽናው በር ላይ ደፍራ ቆመች።

«ስብሰባ? እዚህ?» አሉ ጭልፋ። «እኔ ሰው ሳበላ ንግግር አልወድም። ሾርባ ይቀዘቅዛል።»

«ሃያ ደቂቃ ነው፣ ጋሼ። የምግብ ካርዱን ሲበሱ አንድ ሰው አንዴ ብቻ ነው የሚያልፈው። ለኛ ከዚያ የተሻለ ቆጠራ የለም።»

ጭልፋ ሽርጣቸው ላይ እጃቸውን ጠረጉ። «ዕድሜዬን ሙሉ ስበሳ ለቆጠራ ይጠቅማል ያለኝ የለም» አሉ። «እሺ። ግን ድስት የሚነካ ሰው አላውቅለትም።»

የቀረው ሰው ነው። ጭምቷ ከክፍል ክፍል እየዞረች፣ ፊቷ እየቀላ፣ ያንኑ አራት ዓረፍተ ነገር ትናገር ጀመር። በመጀመሪያው ቀን ድምፅዋ ከሦስተኛው ረድፍ አያልፍም ነበር። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ፣ የኢንጂነሪንግ ክፍል ደጃፍ ላይ ስትደርስ ማይኩ ግድግዳ ተደግፎ ሲጠብቃት አገኘችው።

«ጽሑፍሽን ደጋግሜ አነበብኩት» አለ። «የኔን ስም አልጻፍሽም።»

«የማንንም አልጻፍኩም። ዝርዝሩ ረጅም ነው።»

ሳይፈልግ ሳቀ። ከዚያ ኮስተር አለ። «ተናድጄ ነበር። አሁንም ትንሽ ተናድጃለሁ። ግን መኝታ ቤቶቹን ከኔ በላይ የሚያውቃቸው የለም። ወንዶቹን ለኔ ተዪልኝ።»

ዝርዝሩን ቁጭ ብለው ሲደምሩ ግን አልሞላም። የቀን ተማሪው ሁሉ ምሳ እዚያ አይበላም፤ የሚበላውም ሁሉ አይቆይም። ሂሳቡን ስትሠራው ስምንት መቶ ሰባ ላይ ይቆማል። ያን ጊዜ እትዬ ከጥግ ሆነው «የማታዎቹስ?» አሉ። ስድስት መቶ የማታ ተማሪ በአባልነት ተመዝግቧል፤ ሢሶው ሲሰላም ይቆጠራል። ለጉባኤ ግን ማንም ጠርቷቸው አያውቅም።

ጭምቷ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ፣ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ከሥራ በቀጥታ ነው የሚመጡት፤ የነርስ ልብስ ከኮት በታች የሚታይባት፣ የጥበቃ ኮፍያውን ቦርሳ ውስጥ የሚከት። አንድ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው መካኒክ ቆም ብሎ ሰማት። ጥፍሩ ውስጥ ግሪስ ነበር።

«እኛም አባል ነን እንዴ?» አለ።

«በአንቀጽ ሦስት።»

«አራት ዓመት ሙሉ በዚህ በር ስገባ ማንም አልነገረኝም።» ወደ ሌሎቹ ዞረ፤ እነሱም ቆመው መስማት ጀምረዋል። «ቤተ መጻሕፍቱ እኛ ስንገባ ይዘጋል። ታውቂያለሽ? አንድ ቀን ተከፍቶ ገብቼበት አላውቅም። ደብተሬን ጋራዥ ውስጥ፣ መኪና ስር ነው የማነበው።»

«አስከፍትላችኋለሁ ብዬ ቃል አልገባም» አለች ጭምቷ። «ግን ከመጣችሁ የመጀመሪያው አጀንዳ ይሆናል፤ ድምፅ ትሰጡበታላችሁ።»

«የምሳ እረፍቴ ሠላሳ ደቂቃ ናት።»

«ሃያው ይበቃናል።»

ከጉባኤው በፊት በነበረው ቅዳሜ አባቷ ሱቅ ጎራ አለች። በጉባኤው ዕለት ሰው የሚቆጥሩት ተማሪዎች ተለይተው እንዲታወቁ ብጣሽ ጨርቅ ካለው ልትጠይቀው ነበር። ሳትጨርስ ከጠረጴዛው ስር አንድ ፌስታል አወጣ። ከቀይ ገበር የተሰፉ አሥራ ሁለት የክንድ ማሰሪያዎች፣ ጫፋቸው ተከፍክፎ፣ መርፌ ቁልፋቸው ሳይቀር ተሰክቶ።

«ማን ነገረህ?»

«የጎረቤታችን ልጅ አንቺ ጋ አይደል የሚማረው? ክፍላቸው መጥተሽ ስለ ጉባኤው ተናገርሽ፤ አሥራ ሁለት ቆጣሪ ትፈልጊያለሽ አለኝ።» ዓይኑን ከስፌቱ አላነሳም። «ድምፅሽ ጥሩ ነበር አለ።»

ሐሙስ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የምግብ አዳራሹ ሁለት በሮች ተከፈቱ። ጭልፋ ራሳቸው መብሻውን ይዘው ቆሙ፤ አንድ ካርድ፣ አንድ ብስ፣ አንድ ጭልፋ ሾርባ፣ አንድ ዳቦ። ቀይ ማሰሪያ ያደረጉት አሥራ ሁለቱ በየመተላለፊያው ቆጥረው ለጭምቷ ያስተላልፋሉ። በጎን በር እትዬ የማታ ተማሪዎችን ስም ዝርዝር ይዘው ተቀምጠዋል። ዲኑ ከሁለት ሠራተኞቻቸው ጋር መጥተው ጥግ ላይ ቆሙ፤ እሳቸውም በወረቀት ላይ ይቆጥራሉ።

አዳራሹ ሞልቶ የተረፈው ግቢው ላይ ቆመ። ሰባት ሰዓት ሲሆን ሰባት መቶ ስድሳ ደረሱ። ያኔ ዝናብ ወረደ፤ ማካፋት የለ፣ ምን የለ፣ በአንዴ ዶፍ። ግቢው ላይ የነበረው ሰው ቦርሳውን ራሱ ላይ አድርጎ ወደ መኝታ ቤቶቹ ሊበተን ተነሳ። ጭምቷ እጇ ላይ ያለውን ቁጥር አየች። «በአንድ ቦታ» ይላል ደንቡ፤ ግቢውም እንኳ በዲኑ ልግስና ነበር የተቆጠረው።

ማይኩ ማይኩን አነሳ። ያን ቀን ያደረገው ንግግር በሕይወቱ አጭሩ ነው።

«ውጭ ያላችሁ ግቡ። ውስጥ ያላችሁ ተነሡ፤ ወንበርና ጠረጴዛ ወደ ደጅ።»

እንዲህ ይላል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ግን አንዱ ተነሳ፣ ጎኑ ያለችው ተነሳች፤ ጠረጴዛዎቹ ከእጅ ወደ እጅ በሰው ራስ ላይ አልፈው ዝናቡ ላይ ተደረደሩ። ሰው ሳህኑን ደረቱ ላይ ይዞ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ቆመ። ቦታ ሲያጥር ጭልፋ የኩሽናውን በር በርግደው ከፈቱ፤ «ድስቶቹን እንዳትነኩ» እያሉ ሃምሳ ሰው በድስቶቹ መካከል አቆሙ። እየሸሸ የነበረው ተመለሰ፤ ዝናቡን ሸሽቶ ሌላ ሕንፃ ስር የቆመውም ምን ተፈጠረ ብሎ መጣ። ስምንት መቶ ሰባ አንድ። እዚያ ላይ ቆመ።

ሰባት ሰዓት ከአሥር። ዲኑ ሰዓታቸውን አዩ። ያኔ አንድ የጋራዥ ፒክአፕ ወደ ግቢው ገባ፤ ከኋላው በፕላስቲክ ሸራ የተሸፈነ ሰው ጭኗል። ሸራው ሲነሳ መካኒኩ ቀድሞ ዘለለ። ከእሱ በኋላ ነርሷ፣ ጥበቃው፣ ሁለት ጸጉር ሠሪዎች፣ የጡብ አቧራ የለበሱ የግንባታ ሠራተኞች። ከዋናው በርም በእግራቸው እየሮጡ የመጡ ነበሩ። እትዬ መነጽራቸውን ለአንድ ጊዜ ቦታው ላይ አድርገው ስም በስም ምልክት አደረጉ። ስድሳ ሦስት።

ጭምቷ ደመረች። ዲኑም ደመሩ። ወረቀቶቻቸውን ጎን ለጎን አደረጓቸው፤ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አራት። ዲኑ ፈረሙ፤ ከዚያ ሾርባቸውን ተቀበሉ።

ጉባኤው ሲከፈት ማይኩ ወረቀት አልያዘም።

«አምና ዘጠኝ መቶ አምስት ሰው ተገኝቷል ብዬ ፈርሜያለሁ» አለ። «አልተገኘም። ሦስት መቶ ነበርን። ያገኘሁትን ቀጠልኩ እንጂ አልጀመርኩትም፤ ግን ማቆም እችል ነበር፤ አላቆምኩትም። ያቆመችው እሷ ናት። ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ከኃላፊነቴም ወርጃለሁ።» ማይኩን ለጭምቷ አቀበላት። ማንም አላጨበጨበም፤ ማንም አላጉረመረመም።

ጭምቷ አጀንዳውን አነበበች። ቃሏ እስከ ኩሽናው ተሰማ። አንደኛ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ለማታ ተማሪዎች ክፍት ይሁን። ሁለተኛ፣ ጉባኤ ወደፊት በዚህ አዳራሽ ይካሄድ። ሦስተኛ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ አዲስ ምርጫ ይደረግ። እጆች ከነማንኪያቸው ወጡ። አሥራ ስምንት ደቂቃ ፈጀ። መካኒኩና ጓደኞቹ ዳቧቸውን በኪሳቸው ከተው ወደ ፒክአፑ ሮጡ።

በምርጫው መካኒኩ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ጭምቷ በጸሐፊነቷ ቀጠለች፤ ከሁሉም በላይ ድምፅ ያገኘችውም አንድም የምርጫ ንግግር ያላደረገችው እሷ ነች። ማይኩ አልተወዳደረም፤ ነገር ግን ከአስተዳደሩ ጋር ለሚደረገው ድርድር ደንብ የሚያውቅ ሰው ሲጠፋ አማካሪ ሆኖ ገባ። ድርድሩ ቀላል አልነበረም። የጥበቃ አበል፣ የመብራት፣ የሠራተኛ ፈረቃ እየተባለ አንድ ወር ተጎተተ። በመጨረሻ ቤተ መጻሕፍቱ በሳምንት አምስት ማታ እንዲከፈት ጠይቀው ሦስት ማታ አገኙ። መካኒኩ ተከፍቶ ነበር፤ እትዬ ግን «የሴቶቹ መኝታ ቤትም መጀመሪያ አንድ ፎቅ ነበር» አሉት።

መጀመሪያ የተከፈተ ዕለት፣ ፀሐይ ከሕንፃው ጀርባ ስታዘቀዝቅ፣ ጭምቷ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ የፈተና ልምምድ ትሠራ ነበር። የማታ ተማሪዎቹ በሩ ላይ ደርሰው ትንሽ ቆሙ፤ የሰው ቤት እንደሚገባ እንግዳ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ «ግቡ እንጂ፣ የመብራቱ ቆጣሪ ለናንተ ነው የሚቆጥረው» አለቻቸው። ነርሷ ቦርሳዋን አስቀምጣ በመደርደሪያዎቹ መካከል በዝግታ አለፈች፤ ጣቷን በመጻሕፍቱ ጀርባ ላይ እያሳለፈች። መካኒኩ ግን አልተቀመጠም። ወደ ውጭ ተመልሶ በደጁ ባለው ቧንቧ እጁን በሳሙና ለረጅም ጊዜ አሸ፤ ጥፍሩን እያገላበጠ አየ፤ እንደገና አሸ። ከዚያ መዳፉን በሸሚዙ ጠርጎ ገባና አንድ ወፍራም መጽሐፍ አውርዶ ጭምቷ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረ።